የቀያሹ ወፍ

የአገሪቱን የአእዋፍ መዝገብ የሚይዘው ኮሚቴ አራት አባላት ብቻ ነበሩት። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሦስተኛው ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ሲሆን፣ አራተኛዋና ፀሐፊዋ ደግሞ የዚሁ ቀያሽ ታናሽ እህት ነች። እሷ መነጽር ቤት አላት። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስትመረምር ትውልና ማታ ማታ ለኮሚቴው የመጡ ደብዳቤዎችን ታነባለች።

ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው በአገሪቱ ታይታ የማታውቅ ወፍ አየሁ ብሎ ሲጽፍላቸው፣ አንብበው «ተረጋግጧል» ወይም «አልተረጋገጠም» ይላሉ። ድምፅ የሚሰጡት ሁሉ ካልተስማሙ ወፏ መዝገብ አትገባም። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው። ወፋቸው ውድቅ የተደረገባቸው ሰዎች እንዲያውም ቂም ይይዛሉ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ዳክዬው ውድቅ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ሐኪሙን መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ማዶ ይሻገራል።

የሚሰበሰቡት ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ታች ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ እርሳሶች ቀስ እያሉ ወደ ጫፍ ይሄዳሉ። በዚህች ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ አዲስ ሐሳብ አመጡ። ወደፊት ወደ አገራችን ይመጣሉ የምንላቸውን አሥር አሥር ወፎች እንጻፍ፤ ማን እንደሚያውቅ ጊዜ ያሳየናል አሉ። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ያም ሆኖ መሠረት አለው። ረግረግ ሲደርቅ፣ ግድብ ሲሠራ፣ ወፎች መንገዳቸውን ይለውጣሉ። ዘንድሮ ጎረቤት አገር የታየች ወፍ ከርሞ እዚህ ልትወርድ ትችላለች። የጎረቤቶቹን መዝገብ ተከታትሎ ያነበበ ሰው ግምቱ ከሜዳ አይነሳም።

ሐኪሙ ዝርዝሩን በሩብ ሰዓት ሞነጫጨረ። ሊቀመንበሩ አንድ ሳምንት፣ ፀሐፊዋ ሁለት ሳምንት ወሰደባቸው። ቀያሹ ሁለት ወር ቆይቶ ከዝርዝሩ ጋር አንድ ካርታ ይዞ መጣ። በዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀመጣት ወፍ ባለፉት ሃያ ዓመታት የታየችባቸውን ቦታዎች በሙሉ በነጥብ አስፍሯል፤ ነጥቦቹን በመስመር አያይዞ መስመሩን ወደፊት ስቦታል። ወፏ የውሃ ዳር ወፍ ነች። ሰውነቷ ከእርግብ ያነሰ፣ እግሯ ረጅምና አረንጓዴ ቀመስ ነው። በውጭ መጻሕፍት ያላት ስም ለምላስ ስለማይመች ኮሚቴው ለራሱ «መርፌ መንቁር» ብሎ ሰይሟታል፤ መንቁሯ በእርግጥም እንደ መርፌ የቀጠነ ነው።

«ከሁለት ዓመት በኋላ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ እዚህ ትወርዳለች» አለ ቀያሹ፣ ጣቱን የመስመሩ ጫፍ ላይ አሳርፎ። ጣቱ ያረፈው ከተማው ዳር ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ላይ ነበር።

«ሰዓቷንስ ለምን ደበቁን?» አለ ሐኪሙ።

«ጧት።»

ሦስቱ ሳቁ። ቀያሹ አልሳቀም።

እህቱ ለምን እንዳልሳቀ ታውቃለች። ወንድሟ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፊደል ሳትቆጥር በፊት የወፍ መጽሐፍ እያገላበጠ ያሳያት ነበር። አምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቢቀራትም ዛሬም «ጋሼ» እና «እርስዎ» ትለዋለች። በሥራው ዘመን «እሳቸው የለኩት መሬት ሁለተኛ አይለካም» ይባልለት ነበር። ስህተት ያንገሸግሸዋል፤ የሌላ ሰው ስህተት ሲሆን ብቻ አይደለም፣ የራሱም ሲሆን።

ሁለት ዓመቱ ሞላ። ዝናቡ እንዳባራ ቀያሹ በየጧቱ ወደ ኩሬው መሄድ ጀመረ። በአጥሩ በኩል በተፈቀደለት ጠባብ በር ይገባና ግድቡ ላይ ቆሞ እስከ ረፋድ ይቆያል። ሚስቱ ለእህቱ ደውላ፣ «በእርጅናው ሌላ ሴት ለመደ እንዴ ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ልብሱን ሳሸተው ግን ልቤ አረፈ» አለቻት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቀያሹ መነጽር ቤቱ ገባ። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው አልፎ አንድ ፖስታ ከሌንሶቹ ሳጥን አጠገብ አስቀመጠ።

«መጣች» አለ። ሌላ ቃል ሳይጨምር ወጥቶ ሄደ።

እህቱ ሱቁን ከዘጋች በኋላ አነበበችው። በጽሕፈት መኪና የተተየበ አራት ገጽ፣ አንድ ሥዕልና አንድ ንድፍ ካርታ ነው። መጀመሪያ ስታነበው ደስ አላት። ሁለተኛ ስታነበው አንድ ነገር ቆረቆራት። ጽሑፉ ምንም አይጎድለውም። እግሯ አረንጓዴ ቀመስ፤ መንቁሯ ቀጭን፤ ከጅራቷ የሚጀምረው ነጭ በክንፎቿ መካከል እንደ ሽብልቅ እየሾለ እስከ ጀርባዋ አጋማሽ ይወጣል። ሁሉም መጽሐፉ እንደሚለው ነው፤ ቅደም ተከተሉም የመጽሐፉ ነው። ወፍ ያየ ሰው ሁልጊዜ ያላየው ነገር ይኖረዋል። ክንፏን አጥፋ ስለነበር አልታየኝም ይላል፤ ሳር ጋረደኝ ይላል። እዚህ ግን ምንም የጋረደ ነገር የለም።

ካርታውን አየች። ቀያሽ ነውና ካርታው ላይ ሁሉም ነገር በልኩ ተቀምጧል፤ የቆመበት ቦታ፣ ከኋላው የወጣችው ፀሐይ፣ ፊት ለፊቱ ያለችው ወፍ፣ የሄደችበት አቅጣጫ። በቀስቱ መሠረት ወፏ ተነስታ ወደሱ በርራለች፤ በአናቱ ላይ አልፋም ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ተሰውራለች። ወደ ሰው የምትበር ወፍ ደረቷንና ሆዷን ነው የምታሳየው፤ ካለፈች በኋላም በፀሐይ በኩል ስለሆነች ጥላዋ ብቻ ነው የሚታየው። ታዲያ ወንድሟ ጀርባዋን በየት በኩል አየው?

በመነጽር ቤቷ ለሃያ ዓመታት ፊደል ስታስነብብ አንድ ነገር ተምራለች። ሰው ያልታየውን ፊደል አልታየኝም አይልም፤ መሆን አለበት የሚለውን ይጠራል። አይዋሽም፤ የምር የታየው ይመስለዋል።

በማግስቱ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ የኪስ ደብተርዎን ቢሰጡኝ? ኩሬው ዳር ሆነው የጻፉበትን።»

«ለምን?»

«ደንቡ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ዋናውን ማስታወሻ እንጠይቃለን፤ ማንም ይሁን ማን።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

«አይደሉም። ደንቡ ግን . . .»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ያቀረብኩት ይበቃል» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ስብሰባው በሳምንቱ ተደረገ። ጽሑፉ የቀረበበት አባል ድምፅ ስለማይሰጥ ቀያሹ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እህቱ እሷም ብትወጣ እንደሚሻል ተናገረች። ሊቀመንበሩ ግን ደንቡ ሦስት ድምፅ ይላል፣ ስለ እህት የሚለው ነገር የለም ብለው አስቀሯት።

«እኔ አምኛለሁ። ቀያሹ ካላዩ ማን ሊያይ ነው?» አለ ሐኪሙ።

ሊቀመንበሩም ወደዚያው ያዘነበሉ ይመስሉ ነበር። እሷ ካርታውን ዘረጋች፤ ቀስቱን በጣቷ ተከተለች፤ ጥያቄዋን ጠየቀች። ታች ማሽኑ ተነሳና ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ካርታውን አዙሮ ከሌላ በኩል አየው።

«እና ምን ትያለሽ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አልተረጋገጠም።»

ቀያሹ ሲጠራ ገብቶ እንደቆመ ውሳኔውን ሰማ። ማን ነው የተቃወመው ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ደንቡ አይፈቅድም አሉት። እህቱን አየት አደረጋት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። «ገባኝ» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከኮሚቴው መልቀቁን የሚገልጽ የሁለት መስመር ደብዳቤ በፖስታ ቤት በኩል መጣ።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር አኮረፈ። ወደ ኩሬውም መሄዱን ተወ። ስትደውል አያነሳም፤ ቤቱ ስትሄድ ተኝቷል ትባላለች። ሚስቱ አንዳንዴ ከጓሮ ሆና በሹክሹክታ ትደውልላታለች። «አንቺስ በስልክ ተገላገልሽ። እኔ ከግድግዳ ጋር እየኖርኩ ነው። ትናንት ጨው አቀብለኝ ብለው ካርታ አቀበለኝ።»

እህቱ በፍርዷ አልተጸጸተችም፤ እንቅልፍም በሰላም አልወሰዳትም። ካርታው ልክ ነው፤ ወንድሟ ካርታ አይሳሳትም። ጽሑፉም የወንድሟ ነው፤ ወንድሟ አይዋሽም። ሁለቱ አብረው መሄድ እንቢ አሏት። አንድ ቀን ሱቋን በጊዜ ዘግታ ወደ ማጣሪያ ኩሬው ሄደች።

የኩሬው ተቆጣጣሪ ጡረታው የተቃረበ፣ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። በሥራው ምክንያት ጓደኞቹ «ሽቶ» ይሉታል፤ እሱም በዚሁ ስም ራሱን አስተዋወቃት። ስለ ወንድሟ ስትጠይቀው ወዲያው አወቀው።

«ያ ባርኔጣ ያላቸው ሽማግሌ? ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ በሚሮጥበት እሳቸው ጧት ጧት እየመጡ ይቆማሉ። መጀመሪያ ተቆጣጣሪ የተላከብን መስሎን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራችንን በሥርዓት ሠራን።»

ቀኑን ነገረችው። የፈረቃውን መዝገብ ገልጦ አየ።

«እኔ ነበርኩ ተረኛ። ሁለተኛው ኩሬ ላይ ቧንቧ የፈነዳ ዕለት።»

«ወፍ አይተው ነበር?»

«እቴ፣ እኔ እዚህ ሠላሳ ዓመት ስኖር የማየው ቧንቧ ነው። ወፉ መጣ ሄደ፣ ቧንቧው ግን ከኔ ጋር ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገ። «ቧንቧውን ግን በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ኢንጂነሩ በስልክ ሲነግሩት አያምንም።»

ስልኩ ውስጥ የጠፋ ነገር የለም፤ የልጁ ሠርግና የተበላሹ ቧንቧዎች ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ፈልጎ አገኘው። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ውሃው እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ ሽቶ ከካሜራው ጀርባ ቧንቧውን፣ ቧንቧውን የሸጠውን፣ የገዛውንም በየተራ ይሰድባል። በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ ከጭቃው ዳር፣ አንዲት ወፍ ትራመዳለች።

«ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» አለች።

ሰባት ጊዜ ደገመላት። የወፏ እግሮች ቢጫ ናቸው። አረንጓዴ ቀመስ የሚባል ነገር የላቸውም፤ የበሰለ ሎሚ ልጣጭ ይመስላሉ። በአርባኛው ሰከንድ ላይ ውሃው ወደሷ ሲረጭ ብድግ አለችና ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተመልሳ አረፈች። በዚያች ቅጽበት ጀርባዋ ታየ። ጥቁር ቡናማ ነው። ነጩ ከጅራቷ በላይ ብቻ፣ በመቀስ እንደተቆረጠ እራፊ ጨርቅ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል። ወደ ላይ አይወጣም።

መርፌ መንቁር አይደለችም። እህትየው ወፏን በመጽሐፍ ስለምታውቃት ቤት እስክትደርስ መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ያም ሆኖ ደርሳ ሦስት መጻሕፍት ገለጠች። ወፏ ከውቅያኖስ ማዶ ያለች፣ በዚህ በኩል የመጣችው ነፋስ መንገዷን አስቷት ብቻ ሊሆን የሚችል ወፍ ነች። አራቱ የኮሚቴው አባላት ከጻፏቸው አርባ ግምቶች በአንዱም ውስጥ የለችም። ማንም አልጠበቃትም።

ፊልሙን ለሊቀመንበሩና ለሐኪሙ አሳየቻቸው። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እንግዲህ ፊልሙን በቀረጸው ሰው ስም ይመዝገባ። ወንድምሽ ያዩት ሌላ ነው፤ ቢያንስ የጻፉት ሌላ ነው» አሉ።

«ጥቂት ቀን ይስጡኝ» አለቻቸው።

በነጋታው ወንድሟ ቤት ሄደች። ሚስቱ በሩን ከፍታ «ግቢ፣ ግድግዳው ሳሎን ነው» አለቻት። ቀያሹ አሮጌ ካርታዎች ዘርግቶ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ ሂጂም ግቢም አላላትም። አጠገቡ ተቀመጠችና ስልኳን ከፊቱ አስቀመጠች። የኩሬው ግድብ ሲታይ አወቀው፤ መነጽሩን አደረገ። እስከ መጨረሻው አየው።

ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የኪስ ደብተሩን ይዞ ነበር። ገጹን ገልጦ ሰጣት።

«አንብቢ።»

በእርሳስ፣ በጥድፊያ የተጻፈ ነው። «12፡50። አንዲት። ቀጭን፣ ረጅም እግር። እግር ቢጫ። በጣም ቢጫ። ፀሐዩ ነው?» ከሥሩ ደግሞ፣ «ብድግ ብላ ተቀመጠች። ነጩ ጅራት ላይ ብቻ። ጀርባ ጥቁር።» ይህ የመጨረሻው መስመር ተሰርዟል። ከጎኑ በቢክ፣ በተረጋጋ የእጅ ጽሕፈት፣ «ነጩ እስከ ጀርባ ይወጣል» ይላል።

«አልዋሸሁም» አለ ቀያሹ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አታውቂም፤ ልንገርሽ። ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ስትመጣ ማን ነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እንኳን ደህና መጣሽ ነው ያልኳት። ቤት ገብቼ መጽሐፉን ስገልጥ አልገጠመም። መጽሐፉ ነው ወይስ ዓይኔ የተሳሳተው? አልኩ። በዓይኔ ፈረድኩበት። ደብተሩን ስትጠይቂኝ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል» አለ።

ሚስቱ ሻይ አምጥታ አስቀመጠች። ሁለቱንም አየቻቸውና ወጣች።

«ለምን አላጠፉትም?» አለች እህቱ። «ገጹን ገልብጠው ቢጽፉትና ቢሰጡኝ ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር።»

ቀያሹ እንደመከፋት አለ።

«የመስክ ደብተር አይገለበጥም። ላጲስ አይነካውም። ስትሳሳቺ አንድ መስመር ታሰምሪበታለሽ፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ግን መነበብ አለበት። ይኼንን ያላወቀ መሬት ባይለካ ይሻላል።»

«እንግዲያው ይህ ደብተር ማስረጃ ነው። ከፊልሙ ጋር ሲሆን የእርስዎም የኩሬው ተቆጣጣሪም ስም ይገባል። ፊልሙ ባይኖር እንኳ ቢጫው እግር ብቻ ይበቃኝ ነበር።»

«ሰረዙንም ሁሉም ያነበዋል።»

«አዎ።»

«ሐኪሙም።»

«እሱማ ከሁሉም ቀድሞ።»

ቀያሹ ደብተሩን ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተው። ሻዩን ጠጡ። ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ቤቱ ጣሪያና ስለ ጎረቤት ውሻ አወሩ። ስትወጣ እስከ በሩ ሸኛት፤ ስለ ደብተሩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ቀያሹ ከረባት አስሮ ነበር። የድሮ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም እዚያ አልተቀመጠም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ደብተሩን ገለጠና ራሱ አነበበው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ቢጫውን እግር። የተሰረዘውን መስመር አነበበ፤ «ይህ ተሰርዟል» አለ፤ በምትኩ የጻፈውንም አነበበ። «የተሰረዘው ነው ልክ» ብሎ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሐኪሙ ደብተሩን አንስቶ አየው። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን አልቀለደም። «ቢጫ እግር። ተረጋግጧል» አለ። ሊቀመንበሩም ተረጋግጧል አሉ። ፀሐፊዋም ተረጋግጧል ብላ ጻፈች።

መዝገቡ ላይ የሁለት ሰዎች ስም ሰፈረ። ከቀያሹ ስም ቀጥሎ፣ በራሱ ጥያቄ፣ «በመጀመሪያ በሌላ ወፍ ስም ያቀረበው» የሚል ተጨመረበት። ሽቶ ስሙ በአገሪቱ መዝገብ እንደሚገባ ሲነገረው የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጽል ስሙን እንዳይጽፉበት። የፊልሙም ቅጂ ተቀመጠ፤ ሊቀመንበሩ ስድቡን ከሰሙ በኋላ ግን ያለ ድምፅ እንዲሆን ወሰኑ።

ወደ ኮሚቴው ይመለስ እንደሆነ ሊቀመንበሩ ቀያሹን ጠየቁት። አስቤ እነግርዎታለሁ አለ። በዚያ ዓመት አልተመለሰም።

ከስብሰባው በኋላ ወንድምና እህት አብረው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ። ካፊያ ነበር። መጠለያው ሥር ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ።

«ይጠይቁኝ።»

«ደብተሩን የከለከልኩሽ ጊዜ፣ ዋሸ ብለሽ አሰብሽ?»

«አንድ ቀን ያህል» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄው በዚያው አለቀ።

ትንሽ ቆይቶ መነጽሩን አውልቆ አሳያት፤ የቀኝ ማጠፊያው ላልቶ ነበር። ሱቅ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ከቦርሳዋ ትንሿን ካቻቪቴ አውጥታ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረች። ብሎኑ ደቃቃ ነው፤ መብራቱም ደብዛዛ። አውቶቡሱ ሥራዋን ሳትጨርስ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ቀያሹ በእጁ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠው፤ ሾፌሩም ዘግቶ ሄደ።